ኸሊዳ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው

— ሄሎ… ማን ልበል? … ኧረ! ከድሩ? ክቡር ተወካያችን ራሱ! የእናንተ የክቡራን ስልክ ገዋኔን ተሻግሮ አዋሽ የሚደርስ አይመስለኝም ነበር።

— ሰመራ ነህ? … እኔማ እዚሁ ምግብ ቤቴ ነኝ፤ የት እሄዳለሁ?

— አዎ፣ ወረቀቱን እኔ ነኝ የለጠፍኩት። ከእጅ መታጠቢያው በላይ። ሾፌሩ ሁሉ እጁን እየታጠበ ያነበዋል። … ወላሂ አላነሳውም! ቅዳሜ ለምርጫው ልትቀሰቅስ ስትመጣ ራስህ ታነበዋለህ።

— ስም ማጥፋት? የቱ ነው ስም ማጥፋቱ? በግራ አንተ፣ በቀኝ ሀምዳ። ሁለታችሁም ምክር ቤት የላክናችሁ፣ ሁለታችሁም እጅ ስታወጡ በቴሌቪዥን ያየኋችሁ። የመስኖው አዋጅ፦ እሷ ደገፈች፣ አንተ ድምፀ ተአቅቦ። የግጦሹ፦ እሷ ተቃወመች፣ አንተ ከሁሉም ቀድመህ እጅህን ሰቀልክ! … ሄሎ? ትሰማኛለህ?

— ቆይ አንዴ… ሸጊቱ! የአራት ቁጥሮቹ ጥብስ ቀዘቀዘ እኮ፣ አድርሽላቸው! … እሺ፣ ቀጥል።

— የአምቡላንሱን? አፍህን ሞልተህ እሱን ታነሳለህ? ኢህሳን ተሳቢው ገዋኔ መንገድ ላይ ተገልብጦበት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አምቡላንስ ሲጠብቅ ነው የሞተው። ባሌ! አንተን ከረዳትነት አውርዶ ትምህርት ቤት ያስገባህ ሰው! በሦስተኛው ቀን «መንገዱ ላይ አምቡላንስ ይቁም» ሲባል እጅህ ኪስህ ውስጥ ቀረ። ጉዳዩም ወደቀ። ወጪት ሰባሪ! ድምፃችሁን በደብተር መመዝገብ የጀመርኩት በሱ ነው፤ ከዚያ ወንበር ሳላወርድህ አልተኛም።

— ምን? … ደግፌያለሁ? ውሸታም! በዓይኔ…

— ቆይ… ሦስተኛው ቀን… ለቅሶ ላይ ነበርን። ቴሌቪዥኑንም አጥፍተን ነጠላ ጣል አድርገንበት ነበር። … ማን ነገረሽ ትለኛለህ? … ማንም። ከንዴቴ የጻፍኩት ነው።

— ጋሽ ብዙነህ! እርስዎ መምህር ነዎት፣ ምሳዎን ትንሽ ያቆዩና የዚያን የአምቡላንሱን ቃለ ጉባኤ ስልክዎ ላይ ይፈልጉልኝ። … አገኙት? ጮክ ብለው! … ከድሩ፦ ደገፈ። … ሀምዳስ? … አልተገኘችም?

— … አለሁ፣ አልዘጋሁም። ሀምዳ የት እንደነበረች አውቃለሁ። እዚህ ነበረች። ምንጣፉ ላይ፣ አጠገቤ፣ ሦስቱንም ቀን።

— አትሳቅ! … እሺ፣ አስተካክለዋለሁ። ሐሰት ለጥፌ አላድርም፤ አላህ ያየኛል። አንተ ጋ «ደገፈ»፣ እሷ ጋ «አልተገኘችም»። ዛሬውኑ፣ በቀይ እስክሪብቶ።

— አመሰግናለሁ አትበለኝ፣ አልጨረስኩም። ድምፅ የሰጣችሁት ጠዋት ነው አይደል? … ከሰዓትስ የት ነበርክ? በማግስቱስ? የአርባው ሰደቃ ቀንስ? … ሥራ በዝቶብህ። እህ።

— ስማኝማ ከድሩ። ወረቀቱ ከታች ባዶ ቦታ አለው። አንድ ረድፍ እጨምራለሁ፤ «የኢህሳን ለቅሶ» ብዬ። ሀምዳ፦ ተገኘች። ከድሩ… … ሄሎ? … ሄሎ?

— ዘጋው። ሸጊቱ፣ ቀዩን እስክሪብቶ አምጪ። ወፍራሙን።