እርሾ ካለሽ ስጪኝ

በኛ ጊዜማ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን እንዲህ በፕላስቲክ ሰሃን ይዘውት እየዞሩ የሚበሉት አልነበረም፤ ቁጭ በል አንተ፣ ቁጭ ብለህ ብላ። ጨው በዛበት ትላለህ፣ ይብዛበት፣ ሆን ብዬ ነው፣ ጌታ በመስቀል ላይ መጠማቱን እንድታስብ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ ቢቸና ውስጥ ድምፃቸውን የማያውቅ አልነበረም፣ እና ሐሙስ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጉልባኑ ፊት ይቀመጡና «እስራኤል ከግብጽ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም፤ ያልቦካውን ቂጣ አድርገው፣ እህሉን ቀቅለው በልተው ነው የወጡት። እኛም ባቄላውንና ስንዴውን የምንቀቅለው ያን እያሰብን ነው» ይሉን ነበር። በየዓመቱ እሰማቸዋለሁ፣ ግን በጆሮዬ ብቻ ነው የምሰማ። በልቤ የሰማሁት ዋጋዬን ካወቅሁ በኋላ ነው።

ዋጋዬን እናንተ አታውቋትም። ሸክላ ሠሪ ናት፣ ቤተ እስራኤል ናት። ያኔ እንዲህ ብሎ የሚጠራት የለም፣ «ፈላሻ» ነው የሚሏት፣ ከዚያም የከፋ ይሏታል፣ ቡዳ ይሏታል። ትውልዷ ሞጣ ነው፣ አግብታ ነው ቢቸና የመጣች፤ ባሏ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፣ ሞተባት፣ እና ደርግ የወረደ ሰሞን እናቷና እኅቶቿ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ወሬው ሳይደርሳት እዚሁ ቀረች። እኔና እሷ የሚለየን አንድ አጥር ነው። ታዲያ የነሱ ፋሲካ ሲመጣ፣ አንዳንዴ ከኛ ቀድሞ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከኛ ሕማማት ጋር ይገጥማል፣ ሰባት ቀን የቦካ ነገር ቤቷ አይገባም። ቂጣ ብቻ። አሮጌ ማሰሮዋን ሁሉ ትሰብርና አዲስ ትሠራለች።

ታዲያ እርሾዋንስ? እርሾዋን በትንሽ ማሰሮ ይዛ ወደ አጥሩ ትመጣለች፣ አጥሩ ሥር ድንጋይ አለ፣ ድንጋዩ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እና «እኅቴ፣ ይኸ ያንቺ ነው» ትለኛለች። መጀመሪያ ጊዜ «በደህና አስቀምጥልሻለሁ» ብላት ተቆጣችኝ! «አስቀምጪልኝ አላልሁም፣ ሰጠሁሽ ነው ያልሁ፤ አደራ ከሆነማ የኔው ነው፣ ከቤቴ አልወጣም ማለት ነው» አለች። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ደግሞ ማታ ትመጣና አንድ ቀን እንኳ «እርሾዬን አምጪ» ብላ አታውቅም፤ «እኅቴ፣ እርሾ ካለሽ ስጪኝ» ነው የምትል፣ እንደ ማንኛዋም ጎረቤት። እኔም ያንኑ አነሳና እሰጣታለሁ። ከአዲሱ ማሰሮ ደግሞ የመጀመሪያው የኔ ነው፣ ጉልባኔን እቀቅልበታለሁ። በዚያ ሰፈር በየዓመቱ በአዲስ ማሰሮ ጉልባን የሚቀቀልበት ቤት የኔ ብቻ ነበር፣ ቅናታቸውን አትጠይቁኝ!

አሁን ደግሞ የማያኮራውን ልንገራችሁ። አባትህ ጌታሁን፣ አዎ ያንተው አባት፣ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ በዚያው በፋሲካዋ ሳምንት ታመመብኝ። ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ዓይኑ ጎደጎደ። ያኔ የባለቤቴ አክስት እኛ ዘንድ ነበሩ፣ ምላሳቸው እሳት ነው፣ እና ወገባቸውን ይዘው «እንዴት አይታመም! የቡዳ እርሾ ማድቤትሽ አስቀምጠሽ ልጁ ምን ይሁን ብለሽ ነው? እሷ በእርሾው ውስጥ ቁጭ ብላ ታየዋለች እኮ!» አሉኝ። «ኧረ እቴቴ፣ እርሾ ዓይን የለው» ብዬ ሳቅሁ። ቀን ሳቅሁ፣ ሲመሽ ልጁ ሲያቃስት ግን ሳቄ ጠፋ። የመሪጌታ ልጅ፣ ዳዊት የደገምሁ ሴት፣ ተነሥቼ ያን እርሾ ይዤ ወጣሁና አመድ መድፊያው ላይ ገለበጥሁት። ፈርቼ ነው። ፈርቼ ነው ልጆቼ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድሁት፣ መድኃኒት ሰጡትና ዳነ፣ እቴቴ ግን «አየሽ!» አሉኝ።

ሰባቱ ቀን አለቀ፣ ዋጋዬ መጣች። «እኅቴ፣ እርሾ ካለሽ ስጪኝ።» ከራሴ እርሾ ቀዳሁና በማሰሮዋ አድርጌ ሰጠኋት። አሸተተችው። ቀና ብላ አየችኝና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጁ ተሻለው?» አለች። ተሻለው አልሁ። ሄደች። ያችን ማሽተቷን ስንት ዓመት ተሸክሜያት እንደኖርሁ እኔ ነኝ የማውቅ፤ ጉልባን በበላሁ ቁጥር ትመጣብኛለች።

እና ሞባይል አገሩን ከሞላው በኋላ ወሬ መጣ፣ የዋጋዬ እናት በሕይወት አሉ፣ «ሳልሞት ልጄን አምጡልኝ» ብለዋል ተባለ። ግን ሰው ክፉ ነው፣ «እሷማ ክርስቲያን ሆናለች፣ ከመሪጌታ ልጅ ጋር ነው የምትውል» ብሎ ያወራ አለ። መሄድ እንዲፈቀድላት በዓሏን ጠብቃ መኖሯን ከራሷ ወገን ያልሆነ ጎረቤት ይመስክር ተባለ። ከማንም ቀድማ እኔ ዘንድ መጣች። እኔም ነጠላዬን አደረግሁ፣ መኪና ተሳፍረን ሞጣ ገባን፤ መንገዱን ሁሉ እጄን ይዛኝ ነበር።

ከአንድ ዘመዷ ቤት አስገቡን። አንድ ሽበታም ቄስ አሉ፣ የነሱን ቄስ ማለቴ ነው፣ አጠገባቸው መዝገብ የያዘ ጎልማሳ አለ።

«ልጄ፣ በፋሲካ ሰሞን እርሾዋን ምን ታደርገዋለች?» አሉኝ ቄሱ።

«ለኔ ትሰጠኛለች» አልሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ጎልማሳው ቀና አለ፦ «ከሰባት ቀን በኋላስ?»

«መልሼ እሰጣታለሁ።»

ብዕሩን አስቀመጠው! «እንግዲያው አደራ ነዋ» አለ። «በሰው ቤት አስቀመጠችው እንጂ አልተወችውም፤ በበዓሉ እርሾ ነበራት ማለት ነው።»

«ኧረ ስጦታ ነው!»

«በምን እናውቃለን? ሁልጊዜ የራሷን እርሾ መልሰሽላት የለም እንዴ?»

ዞር ብዬ ዋጋዬን አየኋት፣ ከንፈሯ ደርቋል። እኔ በዚያች ሰዓት ዝም ብል እናቷን አታይም፣ ብናገር ደግሞ የልብ ጓደኛዬን አጣለሁ። ከዚያ ብድግ አልሁና፦

«ሁልጊዜ አይደለም! አንድ ዓመት ደፍቼዋለሁ!»



«ምን አልሽ?» አሉ ቄሱ።

«ደፋሁት አባቴ። ልጄ ታሞብኝ፣ ቡዳ ናት ሲሉኝ ሰምቼ፣ አመድ ላይ ደፋሁት። ከራሴ ቀድቼ ሰጠኋት፣ አልነገርኋትም፣ እስካሁንም አታውቅም» ብዬ ማልቀስ።

ዋጋዬ ከኋላዬ «አውቃለሁ» አለች።

ቄሱ ወደሷ ዞሩ፦ «በምን አወቅሽ?»

«በጠረኑ ነዋ። የኔ ቤት እርሾ እንደዚያ አይሸትም።»

«ታዲያ ምነው የት አደረስሽው አላልሻት?»

«ምን ብዬ አባቴ? የሷ ነው እኮ። የሰጠሁትን ብትደፋው ምን አገባኝ?»

ያኔ ሽማግሌው ሳቁላችሁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁና ጎልማሳውን በያዙት ጭራ ነካ አድርገው «ጻፍ እንጂ! ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትሻለህ? ተደፍቶባት ያልጠየቀች ሴት እውነትም ሰጥታ ነበር!» አሉ። ጻፈ። እኔ ስሜን ፈረምሁ፣ ያውም በጣት አይደለም፣ በብዕር!

ስንመለስ መኪናው ውስጥ «ቀየምሽኝ?» አልኋት። «ያን ቀን ገብቼ አለቀስሁ» አለች፣ አልዋሸችኝም። «ግን ልጅሽ ታሞ ነበር። ዛሬ ደግሞ ለኔ ብለሽ በሰው ፊት ራስሽን አዋረድሽ። በቃ አለቀ።» እጄን መልሳ ያዘችኝ፣ ቢቸና እስክንገባ አለቀቀችኝም።

ታዲያ ሄደች፣ እናቷንም በዓይኗ አየቻቸው፣ ሁለት ዓመት አብራቸው ኖራ ቀበረቻቸው። የሄደች ሰሞን እርሾዋን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣልኝ ነው የሄደች፣ እስከ ዛሬ ቤቴ ያለው ያው ነው፣ ሲቀነስ እየተጨመረበት፤ አንድ ቀንም እንዲቋረጥ አላደረግሁም። ጉልባኑም የተቀቀለው በዚያችው በመጨረሻዋ ማሰሮ ነው፤ ለዚህ ነው ማንም አይንካት የምል። አባቴ የነገሩኝ የኦሪት ፋሲካ በመጽሐፍ ያለ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ለካስ ከአጥሬ ማዶ ሰው እየኖረው ነው።

«ታዲያ እማማ፣ መድፋትዎን እንዲህ ኮርተው ያወሩታል?» ትለኛለህ አንተ ደግሞ።

በመድፋቴማ ዛሬም አፍራለሁ! ደፋሁ ብዬ በመናገሬ ነው የምኮራ። በነሱ ፋሲካ መጨረሻ ማታ በየዓመቱ ትደውላለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ ምን እንደምትል ታውቃላችሁ?

«እኅቴ፣ እርሾ ካለሽ ስጪኝ!»

ኪ ኪ ኪ... እናንተ ደግሞ ቀድማችሁ አወቃችሁት! እኔም «አለኝ፣ ያንቺው ነው» ስላት ትቆጣኛለች፣ «ያንቺ ነው አልሁሽ እኮ!» ትለኛለች።