የሟች ቤት ምሰሶ

አቶ ደባሱ መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በታች ያለውን ቁልቁለት ሲወርዱ የታኅሣሥ ፀሐይ አናታቸውን መታቸውና ውሃ ለመለመን ከአንድ አዲስ ቤት ደጃፍ ቆሙ። ቤቱ ስለ ጥድ ዛፍ ብቻ የተሰናዳ ቤተ መዘክር ነበር። ለዛፍ ቤት መሥራት ለአቶ ደባሱ ሥራ መፍታት ነው፤ የጠማው ሰው ግን ደጅ አይመርጥም።

ውሃውን ያቀረበችላቸው የቤቱ ኃላፊ ትሕትና ናት፤ የደብሩ ቄስ ልጅ፣ ስለ ደን ተምራ ወደ አገሯ የተመለሰች። በመጥረቢያው ምን ሊሠሩ እንደሆነ ስትጠይቃቸው አልደበቋትም። ልጃቸው የኔሰው በጥር ይዳራል፤ ለሙሽሮቹ ጎጆ ምሰሶ እንዲሆን ከምንጩ ራስጌ ያለውን ትልቁን ጥድ ሊጥሉ ነው፤ አሁን ወንድማቸውን ለእርዳታ ሊጠሩ ይወርዳሉ።

ትሕትና ደነገጠች። በዚያ ሸንተረር የቀረችው ፍሬ የምታፈራ ጥድ ያቺው ብቻ ነበረች። ነገር ግን ሽማግሌ በቁጣ እንደማይመለስ የምታውቅ ልጅ ናትና ሳይሄዱ ቤቱን አንድ ጊዜ እንዲያዩላት ለመነቻቸው።

አቶ ደባሱ የውሃውን ውለታ ሊመልሱ ያህል ገቡ። ከፈረሰ ቤት የመጣ አንድ አሮጌ ምሰሶ ሲያዩ ግን እግራቸው ቆመ። በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው አሸተቱት፤ ዛሬም ጥድ ጥድ ይላል። የአባታቸው ቤት ምሰሶም እንዲሁ ጣሪያው ከላዩ ወድቆ እሱ ብቻውን ቆሞ እንደቀረ ነገሯት።

«ታዲያ አባባ፣ ለየኔሰው ለምን እሱን አይወስዱለትም?»

«የሟች ቤት ምሰሶ ሙሽራ ቤት አይገባም፣ ልጄ። ሞት ይጠራል። አባቴ እኔን ሳይድር ነው የሞተ። ያንን እንጨት ባቆምለት፣ የኔሰውም ልጁን ሳይድር ቢቀርብኝስ?»

ከፍቅር የመጣ ፍርሃት በሳቅ አይመለስም። ትሕትናም አልሳቀችም።

«ይምርሐነ ክርስቶስን ያነፁት ዛሬ የት አሉ?»

«ካረፉ ስንት ዘመናቸው።»

«ሙሽሮቻችን የሚቆርቡት እነሱ ባቆሙት እንጨት ሥር ነው። የሟቾች እጅ ነክቶታል ብሎ ከደጁ የተመለሰ አለ?»

«እሱ ታቦት ያለበት ነው። የእኔ ጎጆ ነው።»

«ጎጆውንስ አባቴ መጥተው ጠበል ይረጩልዎ የለም?»

አቶ ደባሱ አሮጌውን ምሰሶ ደግመው ዳሰሱት። ትሕትና ወደ ጓሮ ወስዳ በመደብ የበቀሉ ችግኞች አሳየቻቸውና ዘራቸው ከዚያችው ጥድ ሥር የተለቀመ መሆኑን ነገረቻቸው። ጥድ እንደ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አያቆጠቁጥም፤ እናቲቱ ከወደቀች ለሸንተረሩ ዘር፣ ለምንጩም ጥላ አይኖረውም።

«አባቴም ‹ለምንጩ ተዋት› እያለ ነው ያቆያት» አሉ ሽማግሌው። ለካ አባታቸው ምሰሶውንም ዛፏንም ትተውላቸው ኖሯል። ትሕትናን መርቀው፣ ወደ ወንድማቸው መውረዱን ትተው ዳገቱን ተመለሱ።

በጥር የአባታቸው ቤት ምሰሶ ተነቅሎ፣ ጠበል ተረጭቶ በአዲሱ ጎጆ መካከል ቆመ። ምንጩም አልደረቀ፤ በክረምቱ ችግኞቹ በሸንተረሩ ላይ ተተከሉ፤ ጎረቤቶችም ከፍርስራሽ ውስጥ የተረሳ ምሰሷቸውን ማንሳት ጀመሩ። ያኔ በጥር፣ በሠርጉ ዕለት፣ አቶ ደባሱ ጀርባቸውን ለምሰሶው ሰጥተው ሲጨፈር አዩና ትሕትናን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። አባቴ ሠርጌን ሳያይ ሞተ እያልሁ ስቆጭ ኖሬያለሁ። የልጅ ልጁን ግን ይኸው ቆሞ ዳረ።»