ድምፁን የጨመርኩት እኔ ነኝ

የተጨማሪ ምስክርነት ቃል

የምስክሩ ስም፦ ከመዝገቡ ጋር በተያያዘው የመታወቂያ ቅጂ ላይ እንደሰፈረው፤ በሠፈሩ «ጆሮ» በሚል ቅጽል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 38
ሥራ፦ የኮምፒውተርና የስልክ ጥገና
አድራሻ፦ የገበያው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ያለው ሱቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ጠዋት
ጉዳዩ፦ በሕፃናት ማቆያው ሞግዚት ላይ የቀረበ የስርቆት አቤቱታ
ቃሉን የተቀበለው፦ የምርመራ ክፍል ሳጅን

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ባለፈው ዓርብ በዚሁ ጣቢያ ቀርቤ በሰጠሁት ቃል፣ ስለ ጉዳዩ የማውቀው ነገር እንደሌለና በዕለቱ በሥራ ተጠምጄ ስለነበር በሱቄ ውስጥ ማን ምን እንደተናገረ እንደማላስታውስ ገልጬ ነበር። ያ ቃል ውሸት ነው። ሁሉንም አስታውሳለሁ። ዛሬ የቀረብኩት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ነው። በራሴ ፈቃድ ማለቴም ሙሉ በሙሉ እውነት እንዳይደለ ሳጅኑ እንዲመዘግቡልኝ እፈልጋለሁ፤ ገፍታ ያመጣችኝ ባለቤቴ ናት።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ሱቄን እንደከፈትኩ በሬዲዮ ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ጋዜጠኛ ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ላፕቶፑ ሁለት ችግር ነበረበት። ከሰው ፍላሽ የተጋባ ቫይረስ ፋይሎቿን ሁሉ ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ብቻ ስለተወላት የምትከፍተው ሁሉ ባዶ ነው። በዚያ ላይ የቻርጀሩ መሰኪያ ላልቶ፣ ገመዱ ካልተደገፈ ኃይል አይወስድም። እሷም ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ወትፋ በፀጉር ላስቲክ አስራዋለች። ይህን ሳይ ስቄ «ይኼ ላፕቶፕ ሳይሆን የተሰበረ እግር ነው» አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። በፋይሎቹ ውስጥ ስማቸውንና ድምፃቸውን ቀይራ ልታቀርብ ቃል የገባችላቸው ሰዎች እንዳሉ ነግራኝ፣ «ወንድሜ፣ የሰው አደራ ነው፤ ምንም እንዳትከፍት» አለችኝ። እኔም ሥራዬ በሽታውን ማከም እንጂ የበሽተኛውን ኪስ መፈተሽ አይደለም ብዬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ማልኩላት።

ቫይረሱን ለማጥፋት ላፕቶፑን ከራሱ ዲስክ ሳይሆን ከሌላ ንጹሕ ዲስክ አስነሥቼ አጸዳሁት፤ የተደበቁትንም ፋይሎች ወደ ቦታቸው መለስኩ። አንድም የጠፋ አልነበረም። ቀጥዬ ሆዱን ስከፍተው መሰኪያው ከቦርዱ ጋር የተያያዘበት የብየዳ እርሳስ ተሰንጥቆ ስላገኘሁት አሮጌውን አንሥቼ በአዲስ በየድኩት። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ሥራ ንጹሕ ነው፤ አሁንም አላፍርበትም።

ብየዳው መያዙን የምፈትንበት የራሴ ዘዴ አለኝ። ባትሪውን አውጥቼ ማሽኑን በቻርጀር ብቻ አስነሣና ድምፅ ያለው ነገር እከፍታለሁ፤ ከዚያ መሰኪያውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንም እነቀንቃለሁ። ብየዳው ካልያዘ ኃይሉ ይቋረጣል፣ ድምፁም ቀጥ ይላል። በዚህ ዓይነት ዓይኔ ሌላ ሥራ ላይ እያለ በጆሮዬ ብቻ እከታተላለሁ። የማሽን ማራገቢያ አቧራ ይዞ እንደሆነ፣ ዲስኩ ሊሞት ተቃርቦ እንደሆነ ከድምፁ አውቃለሁ። ሠፈሩ ጆሮ ያለኝ ለዚህ ነው። ስሙን ስለምወደው ሰው ባየሁ ቁጥር ችሎታዬን ለማሳየት እቸኩላለሁ። ለዚሁ ፈተና የማጫውተው አንድ ዘፈን ያለበት የራሴ ፍላሽ አለኝ። ያን ዕለት ግን ከቫይረሱ የተረፈ ነገር ካለ ፍላሼን ይበክልብኛል ብዬ ሰሰትኩ። ስለዚህ ከላፕቶፑ ውስጥ ረጅሙን የድምፅ ፋይል መርጬ ከፈትኩና ከሱቁ ስፒከር ጋር አገናኘሁት። ፍላሼን ከበሽታ ላድን ብዬ የሰው አደራ በላሁ።

በዚያን ጊዜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት አካባቢ፣ ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ መጥተው ሲያወጉ የሚውሉት ጡረተኛው ጋሼ ናቸው። ሁለተኛው የስልክ መስታወት ሊያስለጥፍ የመጣው የሕፃናት ማቆያው ሾፌር ነው። የማን ሾፌር እንደሆነ አላወቅሁም ልል አልችልም። የአምስት ዓመት ልጄ ሚጢጢ የምትውለው እዚያው ማቆያ ስለሆነ በየቀኑ በር ላይ ሰላም እንባባላለን።

ከስፒከሩ የአንዲት ሴት ድምፅ ወጣ። ያለቀሱና ልብሳቸው ላይ የሸኑ ልጆች የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ መብራት ጠፍቶ እንደሚዘጋባቸው፣ ቁልፉ በማቆያው ባለቤት እጅ ስለሆነ እሷ ልትከፍትላቸው እንደማትችል፣ ከበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ እንደምታወራቸው ትናገራለች። ይህን ዛሬ ሳስታውሰው ነው እንጂ ያኔ ነገሩ አልገባኝም። የማዳምጠው ድምፁ ይቆረጥ እንደሆነ ብቻ ነበር። መሰኪያውን እየነቀነቅሁ ሳለ ግን ድምፁ የማውቀው ሆነብኝ። ማታ ማታ ልጄን ከበሩ ላይ አስረክባ «ደኅና እደሩ» የምትለኝ፣ ልጆቹም ወላጆቹም አክስቴ የምንላት ሞግዚት ናት። አፌን መያዝ ሲገባኝ እንቁላል እንደጣለች ዶሮ ጮኽኩ። «ይቺማ አክስቴ ናት! ከመቶ ሰው መሃል ድምፅዋን እለየዋለሁ!» አልኩ። ይህ አልበቃ ብሎኝ ወደ ሾፌሩ ዞሬ «ያንተዋ አይደለችም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ሾፌሩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እስቲ ጨምረው፣ አልሰማሁትም» አለኝ። ጋሼ «ዝጋው አንተ ልጅ፣ የሰው ገበና ነው» ብለው ተቆጡኝ። እኔም «ጋሼ ደግሞ፣ ብየዳው ሳይፈተን እንዴት እዘጋዋለሁ?» ብዬ ቀለድኩባቸው፤ ድምፁንም ጨመርኩ። ሳጅኑ ይህን ለይተው እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ። ሾፌሩ ስፒከሩን በእጁ አልነካም፤ ድምፁን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሱ ጥቂት ቆሞ ካዳመጠ በኋላ መስታወቱ ሳይለጠፍለት ስልኩን አንሥቶ ወጣ። ከወጣም በኋላ እኔ መሰኪያውን እየነቀነቅሁ «አዩልኝ ጋሼ? ንቅንቅ የለም» እል ነበር። ጋሼ ስልካቸውን ነቅለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ጋዜጠኛዋ ላፕቶፗን ልትወስድ ተመለሰች። ፋይሎቿ በሙሉ መመለሳቸውን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አደራዬን ጠበቅህልኝ» አለችኝ። የሾፌሩ አወጣጥ ከልቤ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ነግሬያት ቢሆን ለሞግዚቷ ስልክ ደውላ ልታስጠነቅቃት ትችል ነበር። እኔ ግን «ሥራችን ነው» ብዬ እስከ ደረጃው ሸኘኋት።

የዚያኑ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጄን ልወስድ ስሄድ አክስቴ በሩ ላይ አልነበረችም። በቦታዋ የቆመችው ሌላ ሞግዚት፣ አክስቴ የልጆች ብርድ ልብስና የዱቄት ወተት ስትሰርቅ ተይዛ ፖሊስ እንደወሰዳት ነገረችኝ። የተሰበሰቡት ወላጆች «ሰው እኮ አይታመንም፤ ያቺን የመሰለች ሴት!» እያሉ ሲገረሙ እኔም አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። ዝም ማለት እንኳ አልቻልኩም፤ «ይገርማል» አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሾፌሩ ሱቄ መጥቶ በሩን ገርበብ አደረገ። «እኔ እዚህ አልመጣሁም፣ አንተም ምንም አላጫወትክም። የሰው ላፕቶፕ ከፍተህ ለመንገደኛ እንደምታሰማ ከተወራ ማን ደግሞ እግሩን ወደዚህ ያነሣል?» አለኝ። አስፈራራኝ ብዬ አልከሰውም። የነገረኝ እኔው ስሰጋበት ያደርኩትን ነው። ዓርብ ዕለት ሳጅኑ አስጠርተው ሲጠይቁኝ፣ ጋዜጠኛዋ ላፕቶፑ እኔ ዘንድ መዋሉን እንደተናገረች፣ ሞግዚቷ የተከሰሰችውም ለሬዲዮ ስለተናገረች ነው እንደምትል፣ የማቆያው ባለቤት ደግሞ ክሱን እስካቀረበችበት ሰዓት ድረስ ስለ ድምፅ ቅጂው ሰምታ እንደማታውቅ ቃሏን እንደሰጠች ተረዳሁ። ሾፌሯ ከክሱ በፊት ረፋዱ ላይ ቅጂውን እንደሰማ የማውቀው እኔ ነኝ። እኔ ዝም ካልኩ አክስቴ ሌባ ተብላ እንደምትቀር ገብቶኝ ነበር። ቢሆንም ሱቄን አሰብኩና አላስታውስም አልኩ። ሌላ ሰው በሱቁ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅም፣ ጋሼ እውነቱን እንዳያወጡብኝ ፈርቼ የለም አልኩ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ባለቤቴ አልጋው ላይ ልብስ እያጣጠፈች ሳለ ሚጢጢ ወደ ማቆያው አልመለስም ብላ አለቀሰች። እናቷ ምን ሆነሽ ብትላት፣ «አክስቴ ከሌለች ማን ያወራኛል?» አለች። የት ነው የምታወራሽ ስንላት የመጥረጊያው ክፍል ውስጥ አለችን። እየተቆራረጠ የነገረችን ይህ ነው። ስታለቅስ እዚያ ያስገቧታል። ይጨልማል። አክስቴ ከውጭ መሬት ላይ ተቀምጣ ጣቷን በበሩ ሥር ታሾልክላታለች፤ ሚጢጢ ጣቷን ይዛ እስኪከፈትላት ድረስ ተረት ትሰማለች። ባለቤቴ የያዘችው ልብስ ከእጇ ወደቀ። እኔ ግን ይህን ታሪክ ቀደም ብዬ ሰምቼዋለሁ፤ በገዛ ስፒከሬ፣ ድምፁን ጨምሬ፣ እየሳቅሁ።

ለባለቤቴ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «የስንቱ ማሽን ሕመም ይሰማሃል፤ የልጅህን ለቅሶ ግን ድምፁን ጨምረህ ቀለድክበት» አለችኝ። ቀጥላም «ወይ ነገ ጠዋት ሄደህ ትናገራለህ፣ ወይ እኔ ሄጄ ባሌ ነው እላለሁ» አለች። ይኸው መጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ተራዬን ስጠብቅ አክስቴን ከማረፊያ ክፍል አውጥተው በፊቴ ሲያሳልፏት ተያየን። ፊቷ ጠቁሮ፣ ጫማዋ ያለ ክር ነበር። ስታየኝ ፈገግ ብላ፣ «የሚጢጢ አባት! ለእኔ ብለህ መጣህ? ለካ እኔም ሰው አለኝ!» አለችኝ። መሬት መሬቱን እያየሁ «አዎ» አልኳት። እንዴት እንደተጋለጠች እስካሁን አታውቅም። ሬዲዮ ጣቢያው አሳልፎ የሰጣት ይመስላት ይሆናል፤ በዚህ ነገር በማትወቀሰዋ ጋዜጠኛ ላይ ቅር ተሰኝታ ይሆናል። ያቺን «አዎ» ከዋሸሁት ጋር ደምሩልኝ።

ስለዚህ የጡረተኛውን ጋሼ ስልክ ቁጥር ለሳጅኑ ሰጥቻለሁ። ይህ ቃል ሱቄን ቢያዘጋ ቅሬታ የለኝም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ጽሑፍ ለእሷ እንዲነበብላት፣ ሲነበብም እኔ እዚያው ፊቷ እንድቆም።

የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የጎደለ የለም፤ ለራሴ ያሳመርኩትም የለም። የዓርቡ ቃሌ ተሽሮ ይህ እንዲያዝልኝ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሩ በጠየቀው መሠረት ቃሉ በዚሁ ዕለት ለተጠርጣሪዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦላታል፤ ምስክሩም ፊት ለፊቷ ቆሞ ሰምቷል። ተጠርጣሪዋ የምትጨምረው ነገር ካለ በመርማሪው ስትጠየቅ፣ «ልጅቷን ዛሬ የት ትቷት ነው የመጣው? እዚያ እንዳይሆን ብቻ» ብላለች።

የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)