በሟች ስም የሚወጣ ጥጥ

በእኛ ጊዜ፣ ስሙኝ ልጆቼ፣ ጥጥ እንደዛሬው ገበያ ወርደው ደስ ያላቸውን ያህል ይዘው የሚመለሱት ነገር አልነበረም። ጣሊያን ደሴን ይዞ ነበራ። ከቆላ በባቲ በኩል በግመል ይመጣ የነበረው ጥጥ ጠፋና፣ መርከብ ከባሕር ማዶ ያመጣው ከአሰብ በካሚዮን እየተጫነ ኮምቦልቻ መጋዘን ይራገፍ ጀመር። እሱም ቢሆን ለፈለገ ሁሉ አይሰጥም፤ ኮታ ይሉታል። ለአንድ ሸማኔ ቤት በወር ሦስት እስር፣ ያውም ስሙ በወረቀት ለሰፈረ። እኛ ሴቶቹ እንፈትላለን፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፣ ወረቀቱ ታዲያ በወንዱ ስም ነው።

ጎረቤቴ ዘምዘም ትባላለች፤ የሚለየን አጥር ነው። እኔ ደግሞ፣ ምን እዋሻለሁ፣ አጥሩ ላይ አንዲት ቀዳዳ ነበረችኝ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ተቀቀለ፣ ከእኔ የሚያመልጥ አልነበረም። ባሏ ይማም ጎበዝ ሸማኔ ነበር። ታዲያ ክረምቱ ሳይገባ ንዳድ ያዘውና በሳምንቱ ሞተ። ቀበርነው። በሦስተኛው ቀን ዘምዘም እኛን ሴቶቹን ሰብስባ፣ «እህቶቼ፣ ይማም ሞተ ካልኩ ጥጡ ይቀርብኛል፤ ጥጡ ከቀረ እኔና ሁለቱ ሴት ልጆቼ በምን እናድራለን? ለጠየቃችሁ ሁሉ ታሟል በሉልኝ» አለችን። እሺ አልን። ሰፈሩ ሁሉ እሺ አለ። እና በይማም ስም ጥጡን እየወሰደች፣ እየፈተለች፣ ፈትሉን ለሌላ ሸማኔ እየሰጠች ወራት ገፋች።

ታዲያ አንድ ቀን መንግሥት ኮታውን አስተካከለ ተባለ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጥጥ አንሷልና ለየቤቱ ሦስት እስር የነበረው ሁለት ይሁን፣ ሥራ የፈታ ሸማኔ ደግሞ ጭራሽ ይሰረዝ፣ ሹም ቤት ለቤት እየዞረ ይይ አሉ። ሸማኔ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ አይደል የሚሠራው? እንግዲህ ጉድጓዱ ውስጥ እግር ካልታየ ወረቀቱ ይቀደዳል።

እኔ የባሌን ድርሻ ልቀበል ኮምቦልቻ ወርጄ ተሰልፌአለሁ። ጥጡን የሚያድለው ጣሊያን አስተርጓሚ አየኝና፣ የእኛው አገር ሰው ነው፣ ሁላችንንም በመልክ ያውቀናል፣ «ይማምስ ተሻለው?» አለኝ። እኔም አፌ እንደለመደው፣ «ይማም፣ አላህ ይርሐመው፣ ትንሽ ትንሽ እያለው ነው» አልኩት።

ምን ትስቃላችሁ? ለሞተ ሰው የምትባል ዱዓ ናት እኮ። በሕይወት ላለ ማን ይላታል? የሞተ ሰው ስም ስጠራ እሷን ሳልጨምር አልፌ አላውቅማ፣ ከምላሴ ጋር የተሰፋች ናት፤ ለይማም ብቻ ስንት ወር ነክሼ ይዣት ነበር። ሰውየው እርሳሱን ከወረቀቱ ላይ አነሳና አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሐሙስ እናንተ ሰፈር ነን» አለ።

ከኮምቦልቻ ደሴ ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በቀጥታ ዘምዘም ዘንድ ገብቼ ያደረግሁትን ነገርኳት። ብትሰድበኝ በወደድኩ። እንዝርቷን ማዞሯን አላቆመችም። የያዘችውን ስትጨርስ ልቃቂቱን አስቀመጠችና ተነሥታ ከይማም የሽመና ጉድጓድ ላይ ሳንቃውን አነሳች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አልኳት።

«አሥር ዓመት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ፈትያለሁ፤ እጁን ሳይ ነው የኖርኩት» አለች።

ሴት ጉድጓድ ስትገባ በእኛ አገር ማን አይቶ ያውቃል? ወሬው ሼህ ሰይድ ዘንድ ደረሰ። የሰፈሩ ሸማኔዎች ታላቅ ናቸው፣ በአፍንጫቸው ነው የሚናገሩት። መጡና፣ «አንቺ ሴት፣ ሴት እግሯን እዚህ ከሰደደች የሰፈሩ ሥራ በረካው ይነሳል» እያሉ ተቆጡ። እሷም ቀና ሳትል፣ «ሼህ ሰይድ፣ ልጆቼን እርስዎ ይቀልቡልኛል?» አለቻቸው። እየሳሉ ወጡ።

እና ሦስት ቀን ሙሉ በቀዳዳዬ አየኋት። ድሩ ይበጠሳል፣ ትቀጥላለች፤ ይበጠሳል፣ ትቀጥላለች። እኔም ጥፋቴን ልካስ ብዬ ማግ ስጠቀልልላት ሰነበትኩ።

ሐሙስ መጡ፤ እኔና የሰፈሩ ሴቶች ዘምዘም ቤት ተሰብስበናል። ጣሊያኑ ረዥም ነው፣ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ወረቀቱን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ዘምዘምን አየ። አስተርጓሚው፣ «ይማም የታለ? ይላል» አለ። እኔ እንኳ፣ ወላሂ፣ መልሱን ለእሷ ተውኩላት።

«ይማም ሞቷል» አለች። «የምሸምነው እኔ ነኝ።»

ማጉን የሚያሻግረውን መወርወሪያ በድሩ መሃል ሰደደች። ከእጇ አምልጦ ወደቀ። አንስታ ደግማ ሰደደች፣ አለፈላት። ጣሊያኑ ብዙ አወራ። አስተርጓሚውም ወደ በሩ ዞሮ፣ «ይህ ሥራ ሸማ ይባላል ወይ? የሰፈሩ ሸማኔዎች ታላቅ አይተው ይናገሩ ይላል» አለ።

ሼህ ሰይድ ደጅ ቆመው ነበር። ገቡ። በቃ፣ አለቀላት አልኩ በሆዴ። ሸማውን በሁለት ጣታቸው ያዙት፣ ወደ ብርሃኑ አነሱት፣ ዳር ዳሩን ዳሰሱት።

«ጠርዙ ጠሟል» አሉ። «ማጉም እዚህ ላልቷል። እዚህም ጋ ላልቷል።»

ዘምዘም ዓይኗን ጨፈነች።

«ሸማ ነው ግን» አሉ። «ሁለት እስሯ ይገባታል።»

አስተርጓሚው ለጣሊያኑ ነገረው፤ እሺ ሲለው የይማምን ስም ሰረዘና የእሷን ጻፈ። እነሱ ሲወጡ ሼህ ሰይድ ወደ ኋላ ቀሩና፣ «መወርወሪያውን በአውራ ጣትሽ አትጫኚው» ብለዋት ሄዱ።

እሷ እግሯ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ፣ «ሩቅያ» አለችኝ።

«አቤት።»

«አሁን በይለት።»

«ምኑን?»

«ያቺን ያመለጠችሽን።»

ያኔ ገባኝ። ስንት ወር ሙሉ ስሙን ጠርተን ዱዓ ሳናደርግለት፣ ለካ ለእሷ በየቀኑ ታሞ ነበር የኖረው። ጮክ ብዬ አላህ ይርሐመው አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሉኝ። ዘምዘም ጠርዙ በጠመመው ሸማ ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች፣ ገና ያን ቀን ደግ አድርጋ አለቀሰችው።

ያቺን ሸማ ነጠላ አድርጌ የለበስኳት እኔ ነኝ። ጠማማነቷን ያየ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ እኔም ላወራ ምክንያት አገኛለሁ።

ምን አልሽ አንቺ ልጅ? «የአጥሩ ቀዳዳስ ተደፈነች ወይ?» ነው ያልሽው? ሃ! ዘምዘም ራሷ ናት እጅ እስኪያሳልፍ ያሰፋቻት፣ ማጉን በዚያ እንዳቀብላት።