ለሁለቱም እኩል

ስለ በያጁ ሱቅ መታሸግ ሁለት ወሬ ሰማሁ። ሁለቱንም የሰማሁት በአንድ ቀን፣ ከባለጉዳዮቹ አፍ ነው።

የመጀመሪያውን የነገረኝ የወደቡ ተቆጣጣሪ ነው። የኮሌጅ ማስረጃዬን ማኅተም ላስመታ ቢሮው ገብቼ ሳለሁ እንዲህ አለኝ፦ «ሰውየው ከወንዙ በታች ላሉት፣ ለታችኞቹ፣ ወግነዋል። ወለሉ ላይ የመትረየስ መትከያ አገኘን። ግድግዳው ላይ ደግሞ የታችኞቹ ካፒቴን በእጁ የጻፈው ልክ ተለጥፏል። የገለልተኝነት አዋጁ በወደቡ በር ላይ ከተሰቀለ ወር አልፎታል፤ እሳቸውም ማንበብ ይችላሉ። አውቀው ነው ያደረጉት።»

ሁለተኛውን የነገሩኝ በያጁ ራሳቸው ናቸው፦ «እኔ ለማንም አልወገንኩም። አራት እግር ያለው የብረት መቀመጫ ሠራሁ። የሚቀመጥበትን እኔ አላመጣሁም። በአርባ ዓመት ሥራዬ አንዱን ደንበኛ ከሌላው አስበልጬ አላውቅም። ለዚህም ማስረጃ አለኝ፤ ነገ ጠዋት ጉዳዬን ለሚያየው ኮሚቴ አቀርባለሁ።»

ከሁለቱ የዋሸ አልነበረም። ነገሩን ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ከተማችን በትልቁ ወንዝ መካከል ያለች ወደብ ናት። ከእኛ በላይ አንድ አገር አለ፤ ከእኛ በታች ሌላ አገር አለ። ሁለቱ ጦርነት ከጀመሩ ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ምን እንዳጣላቸው የሚጠየቅ ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ይሰጣል። የእኛ መንግሥት ከሁለቱም ጋር ድንበር ስላለው ገለልተኛ ነኝ አለ፤ ይህንንም በአዋጅ ደነገገ። አዋጁ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ግን ርዕሱን አንብቦ ያልፈዋል።

ከቢሮው ስወጣ በያጁን የታሸገው በራቸው ፊት በተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ልኩ» ይላቸዋል። ማንም ሥራ ይዞ ሲመጣ «ልኩን አምጣ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣቸውምና። ለምን እንደሆነ አይጠይቁም። ይህ ልማድ በከተማችን ያስከበራቸው ነው፤ አንዲት ሴት ለሣጥኗ ድርብ መቆለፊያ ብታሠራ፣ ከማን እንደምትደብቅ ከጋሽ ልኩ አፍ የሚሰማ ሰው አልነበረም።

«ና እስቲ አንተ ኮሌጅ፣ ቁጭ በል» አሉኝ። «አየህልኝ? ይህ በር አርባ ዓመት በብረት ተቆልፎ ሰብሮ የገባ ሌባ የለም። ዛሬ በወረቀት ተዘጋና እኔው ባለቤቱ ልሰብረው አማረኝ።»

«እንዳይሰብሩት ጋሼ።»

«ቀልዴን ነው። ነገ ራሳቸው ይከፍቱልኛል።»

«ማስረጃ አለኝ ያሉት ምንድን ነው?»

ግራና ቀኝ አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ለላይኞቹም ሠርቼላቸዋለሁ።»

ዓይን ዓይናቸውን አየሁ።

«ምን ያፈዝሃል? ያቺን ጀልባ አየሃት?» በአገጫቸው ወደ ወደቡ ጠቆሙኝ። የላይኞቹ ጀልባ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃና ነዳጅ ልትቀዳ ቆማለች። አፍንጫዋ ላይ ሸራ ተጥሏል። «ከሸራው ሥር ያለው የእኔ እጅ ነው። ልክ የዛሬ አሥራ አምስት ቀን የተከልኩት። ስምንት ቡሎን። የታችኞቹም ስምንት ቡሎን። ከአንድ ላሜራ ነው የቆረጥኳቸው፤ በሚሊ አይለያዩም! ታዲያ ምኑ ላይ ነው የወገንኩት? ነገ ይህን ስነግራቸው አፍረው ይቅርታ ይጠይቁኛል።»

በስርቆት የተከሰሰ ሰው «የጎረቤቱንም ቤት ሰርቄአለሁና አድልዎ የለብኝም» ሲል ታየኝ። ይህን ግን ለታላቅ ሰው አይሉትም፤ ዋጥኩት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ቢናገሩ አንድ የነበረው ጥፋት ሁለት ይሆናል።»

«እንዴት ሆኖ? ገለልተኛ ማለት እኩል ማለት አይደለም እንዴ?»

«አዋጁ እኩል አስታጥቁ አይልም፤ ማንንም አታስታጥቁ ነው የሚለው። የተሰበረ መሪ ቢጠግኑ፣ የሚያፈስ ቀዳዳ ቢደፍኑ ፈቅዷል፤ ጀልባዋ አገሯ እንድትገባ ነው። እንድትዋጋ የሚያደርጋትን ግን ከልክሏል።»

«አዋጁን የጻፉት ዋና ከተማ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። እጃቸውን ብረት አቃጥሏቸው አያውቅም። ባሕር ማዶ ያሉት ትልልቅ ፋብሪካዎች ለላዩም ለታቹም መድፉን እየጫኑ ይልካሉ። የማንኛቸው በር ታሸገ? የሚታሸገው የእኔ አንድ ሞርሳና አንድ መበየጃ ነው?»

ይህ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑንም ነገርኳቸው። የሩቁ ሻጭ እሳት ሲነሳ ጭሱ አይደርሰውም፤ እኛ ግን በሁለቱ መካከል ነው የምንተኛው አልኳቸው። መልሴ ጉዳዩን በሙሉ እንደማይዘጋው ግን አውቃለሁ።

«እንግዲያው» አሉ፣ ነገሩ የሞቀላቸው መስሎ፣ «እኩልነቴ ምኑ ላይ ነው የጎደለው? ይህን ንገረኝ።»

«ብረቱ እኩል ነው፤ ቀኑ ግን እኩል አይደለም። የላይኞቹ አሥራ አምስት ቀን ይዘውት ወንዝ ላይ ሲመላለሱ ነበር። የታችኞቹ ገና አልተቀበሉም። ደግሞስ አንዱ ብዙ ጥይት ያለው፣ ሌላው ምንም የሌለው ቢሆን?»

«የጥይታቸው ቆጣሪ ልሁንልህ?»

«አይሁኑ። ግን እኩል ልስጥ ካሉ ሁሉንም ማወቅ ሊኖርብዎ ነው፤ የማን ጥይት እንዳለቀ፣ ማን ነገ እንደሚያጠቃ። ምንም ካልሰጡ ምንም ማወቅ አያስፈልግዎትም። አዋጁ ሸክሙን ነው ያነሳልዎ።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። የተረቱ መሰለኝ። አልተረቱም።

«አፍህ ጥሩ ነው» አሉኝ። «አባትህም እንዲሁ ነበር። ግን የታችኞቹ ካፒቴን ነገ ከሰዓት ይመጣል። ተስማምተን፣ እጄን መትቶ ነው የሄደ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ደግሞ ስማኝ፤ ለላይኞቹ ሰጥቼ ለታችኞቹ ብከለክል፣ ያኔ ነው በእውነት የወገንኩት! ተቆጣጣሪው ዛሬ በውሸት የከሰሰኝን ነገ እውነት አድርጌለት እቀራለሁ ማለት ነው።»

አራት ዓመት ሕግ ተምሬ በርሜል ላይ የተቀመጠ በያጅ ያነሳውን ጥያቄ ወዲያው መመለስ አቃተኝ።

በዚህ መካከል ባለቤታቸው በክዳን ዕቃ ምሳ ይዘው ከጓሮ ብቅ አሉ። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ ግድግዳውም ስስ ስለሆነ የተባለውን ሁሉ ሰምተዋል።

«ይኸውልህ ልጄ» አሉኝ፣ ዕቃውን በባላቸው ጉልበት ላይ አስቀምጠው። «እኩል እኩል የሚለው ነገር ዛሬ አልተጀመረም። የመጥረቢያውን ነገር ነግሮሃል?»

«እሱን ምን አመጣው አሁን?» አሉ ጋሽ ልኩ።

«አንተ ብላ። እኔ ልናገር። ከግራና ከቀኛችን የሚኖሩት ወንድማማቾች በውርስ ግንብ ሲጣሉ፣ ታላቁ በጠዋት መጥረቢያውን ይዞ መጣ፤ ይሳልልኝ አለ። የኔ ጌታ ሳለለት። ታናሹም ለከሰዓት ቀጠሮ ያዘ። ይኼ ለሁለቱም እኩል ልስል ተሰናድቷል! ምን ያደርጋል፣ በጠዋት የተሳለለት ከሰዓቱን አልጠበቀም።»

ጋሽ ልኩ ክዳኑን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

«ታናሹ እጁን ይዞ በእኛ በር ገባ። በሻሼ አሰርኩለት፣ ውኃ አጠጣሁት። ታላቁ መጥረቢያውን ይዞ ተከትሎት ሲመጣ በሩ ላይ ቆምኩና፣ ውኃ ከጠማህ ግባ፣ መጥረቢያው ግን እዚህ ይቀራል፤ ስትታረቁ ትወስዳለህ አልኩት። ሁለት ዓመት አልጋዬ ሥር ተቀመጠ። በግቢዬ አልፎ ወደ ወንድሙ የሚዘልም እግሩን እሰብራለሁ ብዬ ለሁለቱም ነገርኩ። ታዲያ እኔን ማን አዋጅ አነበበልኝ?»

አዋጁን በበቂ አውቀዋለሁ የምል ሰው፣ አንቀጾቹን ከእትዬ አፍ አንድ በአንድ ሰማኋቸው። ለቁስለኛ መጠለያ፣ ለተጠማ ውኃ፣ ለታጠቀ መተላለፊያ መንሳት፣ ይዞት የገባውን መሣሪያ ማስቀመጥ። የጎደለ አልነበረም።

ጋሽ ልኩ ወደ ወንዙ ዞሩ። «ታናሹ እስከ ዛሬ በግራ እጁ ነው ሰላም የሚለኝ» አሉ። «ቂም የያዘ ይመስለኝ ነበር። ቀኙ ስለማይጨብጥ ነው።»

እትዬ የምሳውን ክዳን መልሰው ከፈቱላቸው።

«እሺ» አሉ ቆይተው። «ያለፈውስ? አንዱ ተስሎ ወጥቷል። ሁለተኛውን ብከለክል አዳላሁ፣ ብሰጥ አጠፋሁ። አዋጅህ ለዚህ ምን ይላል?»

ያን ጊዜ ነው አንቀጽ ሰባት ትዝ ያለኝ። ወደ ወደቡ በር ሄጄ እንደገና አነበብኩት፤ በቃሌ ይዤው ተመለስኩ።

«በወደባችን የታጠቀ ጀልባ ተመልሶ ቢገባ፣ የተተከለለት እስኪነቀል ድረስ ይያዛል ይላል። ሁለቱን እኩል የሚያደርጋቸው የታችኞቹን መጨመር አይደለም ጋሼ፤ የላይኞቹን መንቀል ነው። ጀልባዋ ደግሞ እዚሁ ናት። አንድ ቀን ብቻ ስለተፈቀደላት በአሥራ አንድ ሰዓት ትወጣለች።»

«ተቆጣጣሪው ከሸራው ሥር ያለውን ያውቃል?»

«አያውቅም። ከእኛና ከጀልባዋ ሰዎች በቀር የሚያውቅ የለም።»

«ብናገር?»

«አዋጁ ሱቁን እስከ ስድስት ወር ያዘጋል። ራሱን ላጋለጠ ይቀልለታል ይላል፤ ምን ያህል እንደሚቀል ግን አይናገርም። ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

«ዝም ብልስ?»

«ስለ አንዱ ብቻ ይጠየቃሉ። ምናልባት ነገውኑ ይከፈትልዎ ይሆናል።»

ይህን መናገር አልወደድኩም፤ ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ነግሬ ባሳምናቸው መካሪ ሳይሆን አታላይ መሆኔ ነው። ምርጫው የእሳቸው ነበር፤ በአንድ በኩል አርባ ዓመት የኖሩበት ሱቅ፣ በሌላ በኩል ማንም ያላየው ስምንት ቡሎን።

ምሳቸውን ሳይነኩ ለሚስታቸው መለሱ። «አሙቀሽ አቆይልኝ» አሉና ተነሡ። የት እንደሚሄዱ አልነገሩኝም፤ ተከተልኳቸው።

በመንገድ ላይ የእህል ጀልባዎችን አለፍን። አንደኛው ከላይ የመጣ፣ ሌላው ከታች የመጣ ነው፤ ጭነት አውራጆቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላሉ። ከክሊኒኩ መስኮት የሁለቱም ወገን ቁስለኞች ወንዙን ያያሉ፤ በሁለት ክፍል ተለይተው ቢተኙም ሐኪሟ አንድ ናት። የሁለቱ አገር ዘመዳሞች የሚላላኩት ደብዳቤ የሚለዋወጠው በእኛ ፖስታ ቤት ነው። ይህ ሁሉ የቆመው ሁለቱም ወገን «ያ ወደብ አይወጋኝም» ብሎ ስላመነ ብቻ ነው። አንዱ እምነቱን ያጣ ቀን እህሉም ደብዳቤውም ይቆማል። አንድ ቀን መታረቅ ሲያምራቸውም የሚቀመጡበት ቤት የላቸውም። ጋሽ ልኩ ይህን ሲመለከቱ ምን እንዳሰቡ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ቆም ብለው «ሦስት መቶ ጭስ፣ ሦስት መቶ ቤት አለ እዚህ ከተማ» አሉ።

ቢሮው ስንደርስ የላይኞቹ ካፒቴን የመውጫ ወረቀቱን ይዞ ከተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። ጋሽ ልኩን ሲያይ ፊቱ በራ። «እንዴት ዋሉ አባት!» ብሎ እጁን ዘረጋ። እሳቸውም ጨበጡት፤ ሰላምታ አይነሱም። ተቆጣጣሪው ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ አነሳ።

«አባት፣ የእርስዎ ጉዳይ ነገ ጠዋት ነው» አላቸው ቀና ሳይል።

«ነገን አልጠብቅም። ማኅተሙን አስቀምጠው።»

ድምፃቸው ከፍ ስላለ በኮሪደሩ የቆሙትም ዘወር አሉ። ካፒቴኑ እጁን ሰብስቦ አያቸው። ጋሽ ልኩ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ፤ ሥራ ሊጀምሩ ሲሉ እንደሚያደርጉት።

«በዚህ ሰው ጀልባ ላይ፣ ከሸራው ሥር ያለውን የመትረየስ መትከያ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነም አልጠየቅኩም። ለታችኞቹ የጀመርኩትን አልጨርስም፤ ካፒቴናቸው ነገ ሲመጣ ራሴ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። የዚህን ግን ዛሬውኑ ስምንቱንም ቡሎን በእጄ እፈታለሁ። መፍቻዬ ከታሸገው ቤት ውስጥ ነው፤ ተነሥና ክፈትልኝ።»