ከእህታቸው ቤት በላይ ያለው ሾላ

ከትምህርት ቤት ስመለስ በወንዙ ዳር ያለውን አቋራጭ ያዝኩ። ገንዳ ጠራቢው ሽማግሌ ከእህታቸው ቤት በላይ፣ ዳሩ ላይ ካለው ትልቁ ሾላ ሥር ተቀምጠው መጥረቢያቸውን ሲስሉ አገኘኋቸው። ስለ ዕፅዋት የተማረችው የእህታቸው ልጅ ግንዱን ተደግፋ ቆማለች። ሰላም ብዬ ላልፍ ስል፣ "መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን" ብለው አስቆሙኝ።

"ይህ ዛፍ ወንዙን ጠጥቶ ጨረሰው" አሉ ሽማግሌው። "ፍሬውም እየረገፈ ዝንብ ይሰበስባል። እንጨቱ ግን ለስላሳ ነው፤ ለገንዳም ለቀፎም ይሆናል። አባቴም ሲጠርብ የኖረው ሾላ ነው። ታዲያ ቢቆረጥ ምን ይጎድላል?"

"የእናቴ ቤት ይጎድላል፣ አጎቴ" አለች ልጅቱ ረጋ ብላ። "ወንዙ የቀነሰው ከላይ ያለው ጫካ ስለተመነጠረ ነው። ሾላ ድሮም ውሃ ዳር ነው የሚበቅለው፤ ሥሩ አፈሩን ጨብጦ ይይዛል። ፍሬውን ወፍም ልጅም ይበላዋል። በበጋ ሳሩ ሲደርቅ ቅጠሉ ለከብት ይደርሳል።"

"ይህንን መጽሐፍ ነው የነገረሽ?"

"መጽሐፍም ይላል። ግን በዓይንዎ ቢያዩት ይሻላል።"

ሦስታችንም ወደ ላይኛው መታጠፊያ ሄድን። እዚያ ያለው ጎረቤት ሾላውን ካስቆረጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ጉቶው ተገልብጦ ውሃ ውስጥ ወድቋል፤ የጎመን መደቡ ግማሹ የለም፤ አጥሩ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው ቁልቁል ወደ እህታቸው ጣሪያ ተመለከቱ።

"እሷ እኮ እዚያ ነው የምትተኛው" አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ቀጥለውም፣ "እሺ፣ እኔስ? እንጨት ሳልነካ ከዋልኩ ያመኛል።"

"ከትልቁ ሾላ ያ ወደ ውሃው ያዘነበለው ቅርንጫፍ ይበቃዎታል። ከቀጫጭኑ ደግሞ ቆርጠን እዚህ የተናደው ዳር ላይ እንተክላለን፤ ሾላ ከቅርንጫፉ ይበቅላል።"

ልጅቱን የወደድኳት ስላወቀች ብቻ አይደለም፤ አጎቷን ሳታሳፍር ስላሳመነች ነው። እውቀት ትሕትና ሲጎድለው ሰሚ አያገኝም።

ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ አደረ፤ የእህትየዋ ግቢ ግን ንቅንቅ አላለም። ከተተከሉት ቅርንጫፎች አብዛኞቹ ደርቀው ሁለቱ ቅጠል አወጡ። ሽማግሌው ፍየል እንዳይደርስባቸው በእሾህ ሲያጥሩ አገኘኋቸው።

"ሲያድጉ ስንት ገንዳ ይወጣቸዋል?" ብዬ ቀለድኩ።

"ገንዳ የለም፣ መምህር" አሉኝ ቀና ብለው። "ዳሩ ሲጸና ጎረቤቴ ጎመኑን መልሶ ይተክላል። ጥላም ይኖረዋል። እነዚህን የሚቆርጥ ሰው መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይጣላል።"