ከሻለቃ ጎን ማን ይቀመጥ?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የተከበራችሁ የሊፍት ጥገና ባልደረቦቹ፣ ጎረቤቶች፣ ወዳጆች፤ በዚህ ንፋስ ቆማችሁ ወንድሜን ልትሸኙ ስለመጣችሁ እግር አይንሳችሁ። ድካማችሁን በደስታ ቀን የምንመልስ ያድርገን።

ቅድም አስከሬኑን ከመኪናው ስናወርድ አንድ አባት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሁሉም ሻለቃ፣ ሻለቃ እያለ ያለቅሳል። የየትኛው ክፍለ ጦር ነበር?» አሉኝ። እዚያ ጋ ቆመዋል። ይቅርታ አባቴ፣ ትከሻዬ ላይ እሱ ስለነበር አልመለስኩልዎትም። አሁን ልመልስልዎ።

ወዳጄ አንድም ቀን ወታደር ሆኖ አያውቅም። ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ከመፍቻ በቀር መሣሪያ አልያዘም። ሻለቃ ያሰኘው ጌም ነው። አዎ፣ ጌም። ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ በጆይስቲክ የሚጫወቱት የድሮ የተኩስ ጌም። ሁለት ወታደሮች ከከዋክብት ማዶ፣ ፀሐይዋ የደበዘዘች ፕላኔት ላይ ይወድቃሉ። መርከባቸው ተሰባብሯል። ብረት በብረት በሆነች ከተማ ውስጥ ከማያውቁት ፍጡር ጋር እየተታኮሱ መውጫ ይፈልጋሉ። አንዱ ወታደር ሻለቃ ነው፣ ሌላው ምክትሉ። ሻለቃው እሱ ነበር። ምክትሉ እኔ ነበርኩ።

እኔ ነበርኩ! ይህን ያዙልኝ። ዛሬ እዚህ ሁሉም ሰው «የኔ» እያለ ያለቅሳል። የሥራ ባልደረባው «የኔ» ይላል። ጎረቤቱ «የኔ» ይላል። እኔ ደግሞ ቀናተኛ ነኝ። የሚያውቀኝ ያውቀዋል፤ የማያውቀኝ ዛሬ ይወቀው።

ያንን ጌም አሁን ብታዩት ትስቃላችሁ። የሰዎቹ ፊት በመጥረቢያ የተጠረበ ይመስላል። ጣታቸው አይለያይም። ሲሞቱ እንደ ጆንያ ዘፍ ይላሉ። ግን የዚያን ጊዜ! የወደቀው መርከብ በሩ ተከፍቶ ያ ሐምራዊ ሰማይ ወለል ሲል፣ ሁለታችንም ጆይስቲካችንን ጭናችን ላይ አድርገን አፋችንን ከፈትን። ጠላት መጥቶ ገደለን። ተገድለንም አፋችንን አልዘጋንም።

የዛሬ ልጆች መልኩን ከማያውቁት ሰው ጋር በኢንተርኔት ይጫወታሉ። የእኛ አንድ ቴሌቪዥን ነበር፤ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። ላይኛው ግማሽ የእሱ፣ ታችኛው ግማሽ የእኔ። ትከሻ ለትከሻ ካልተቀመጡ አይሆንም። በስህተት እሱን ከመታሁት ክርኑ ጎኔ ላይ ነው። ደግሞ ስንቴ መታሁት! የሰው ዓይን መርምሬ መነጽር የምሠራ ሰው ነኝ፤ አነጣጥሬ ግን ግድግዳ አልመታም።

ለጠላቶቹ እኛው ነበርን ስም ያወጣንላቸው። አንድ ረጅም ነበረ፣ ራሱ ጣራ የሚነካ። «አከራዩ» እንለው ነበር። ሳይታሰብ በር ላይ ይቆማል። ብትለምነው አይሰማም። ብትሸሽ ያገኝሃል። «አከራዩ መጣ!» ብሎ ሲጮህ እናቱ ደንግጠው ከጓዳ ይወጡ ነበር። ያስታውሳሉ እማማ? የእውነት አከራዩ መስሏቸው! ኋላ ሲለምዱት ግን በሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ዛሬም ጦርነቱ አላለቀም?» ብቻ ይሉናል። «ሊያልቅ ነው እማማ» እንላለን።

አላለቀም። መጨረሻው ላይ አንድ ድልድይ ነበረ። አንዱ በሩን የሚከፍተውን ማንሻ ተጭኖ ይቆማል፤ ሌላው ሮጦ ይሻገርና ከማዶ ሆኖ ይከፍትለታል። ሲያወሩት ቀላል ነው። የቆመው ሰው ግን ጀርባው ባዶ ነው፤ አከራዮቹ ሁሉ ግር ብለው የሚመጡት በእሱ ላይ ነው። እሱ ሲቆም እኔ ሮጬ ገደል እገባለሁ። እኔ ስቆም እሱ ሳይሻገር አልቃለሁ። ዓመታት አላለፍነውም። እውነቱን ልንገራችሁ? ማለፉንም አልፈለግኩም። ካለፍነው ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ብዬ ነው የምመጣው?

ከዚያ እሷ መጣች። እዚህ ፊት ለፊቴ ያለችው፣ ባለቤቱ። ራጅ አንሺ ናት። የሆስፒታሉ ሊፍት ተበላሽቶ ውስጥ ቀርታ፣ በሩን ፈልቅቆ ያወጣት እሱ ነው። እስቲ ፍረዱኝ፣ እንዲህ ካለ ትውውቅ ጋር መነጽር ሠሪ ምን ይወዳደራል? ሚዜው ነበርኩ። የሰርጉን ፎቶ ያየ ሰው፣ ጥርሱን ታሞ የመጣ እንግዳ ነበረ ወይ ይላል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እንደልማዴ ሄድኩ። እሱ ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል። እስኪመጣ ብዬ ማጫወቻውን ከፈትኩ። የመጨረሻው ሌቭል ላይ ኮከብ ተለጥፏል። ታልፏል ተብሎ። አልቋል ተብሎ። እሷ ፀጉሯን በፎጣ እያደረቀች ወጣች።

«ይህን ማን ነው የጨረሰው?» አልኳት።

«እኛ ነና! አልነገረህም እንዴ?»

እኛ! ያቺ ቃል እንዴት እንደምትቆረጥም ታውቃላችሁ? ድልድዩን ከእሷ ጋር ተሻገረ። በእኔ ጆይስቲክ። በእኔ ግማሽ ስክሪን። ኮቴን አነሳሁና ዳቦው ሳይመጣ ወጣሁ። ክረምቱን ሙሉ ደጁን አልረገጥኩም። ሲደውል አላነሳሁም። በአንድ ጌም ሰው ይኳረፋል ወይ የምትሉ አላችሁ። ይኳረፋል። በጌሙ አልነበረማ!

ክረምቱ ሲወጣ ሱቄ መጣ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ግራሶ በግራሶ ሆኖ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ዓይኔን ልመርመር» አለኝ።

እኔም መብራቱን አጥፍቼ የፊደሉን ሰሌዳ አበራሁ። «የመጀመሪያውን መስመር ያንብቡ» አልኩት። ሰዎች፣ አንቱ አልኩት! አብሮኝ ያደገውን ሰው።

አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ አፈጠጠና፣ «ቀ... ና... ተ... ኛ ይላል» አለ።

«ሁለተኛውን ያንብቡ።»

«አጠፋሁት ይላል።»

«ምኑን?» አመለጠኝ።

«ሴቩን። ያለፍነውን ሁሉ አጠፋሁት። ከመርከቡ መውደቅ እንጀምራለን፣ እኔና አንተ።»

«ባለቤትህስ?»

«ገና አላወቀችም። ስታውቅ አንተ ጋ ነው የማድረው፤ ፍራሽ አዘጋጅ።»

በማግስቱ እሷ ራሷ የሱቄን በር በርግዳ ገባች። ደንበኛ አለ የለም አላለችም። «የእኔን ድል ላንተ ብሎ አጠፋው! ሰው በሴት ይቀናል። እኔ በምን ልቅና? በመነጽር ሠሪ?» አለች። ቀንታለች! ያን ቀን ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ያን ቀን መነጽር በነፃ ባድል ደስ ይለኝ ነበር።

እንዲህ ሆነን ኖርን። እሷ በእኔ፣ እኔ በእሷ። እሱ መሃል ተቀምጦ ይስቃል። ለምን አይስቅ? የሚቀኑበት እንጂ የሚቀና አልነበረማ።

ከዚያ እጁ ከዳው። መጀመሪያ መፍቻው ወደቀበት። ባልደረቦቹ ታስታውሳላችሁ፣ ቀልዶ ነበር ያለፈው። ቀጥሎ ብርጭቆ። ቀጥሎ ጆይስቲኩ። ሐኪሞቹ ነርቭ ነው አሉ፣ መድኃኒት ይሞከራል አሉ፣ ቆይተው ደግሞ ዝም አሉ። እሱም ሶፋው ላይ ተኛና፣ «እኔ መተኮስ ካልቻልኩ እናንተ ተኩሱ። እኔ አዛችኋለሁ» አለን።

እኔና እሷ! አስቡት። ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን፣ እሱ ከኋላችን። መጀመሪያ የተጣላነው በላይኛው ግማሽ ነው፣ በእሱ ቦታ። «ሚስቱ ነኝ» አለች። «ምክትሉ ነኝ» አልኩ። «ሁለታችሁም ዝም በሉ። ላይ እሷ፣ ታች አንተ» አለ። በሽተኛ ባይሆን ጉድ ይፈላ ነበር።

እየቆየ ግን ነገሩ መጣልን። እሷ በቀኝ ስትሄድ እኔ በግራ እሄዳለሁ። ጥይት ሲያልቅብኝ ሳልነግራት ሽፋን ትሰጠኛለች። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ የሰው አጥንት ስታይ የምትውል ሴት ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ እየተሳሳቅን ስንተኩስ ከኋላችን ትእዛዝ ጠፋ። ዞር አልን።

«አመመህ?» አለችው።

«አይ።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

ኮርኒሱን እያየ፣ «ተግባባችሁ። ደስ አላለኝም» አለ።

እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያ ፊት የእኔ ፊት ነው፣ አውቀዋለሁ። እኔን ፈልጎ አየኝና፣ «እንዲህ ነው እንዴ?» አለኝ።

«እንዲህ ነው» አልኩት።

«አንጀት ነው የሚይዘው።»

«አዎ፣ አንጀት ነው።»

«ይህን ይዘህ ነው ስትስቅልኝ የኖርከው?»

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ድልድዩ ጋ ደርሰን ነበር። እሷ ማንሻውን ተጭና ቆመች። አከራዮቹ መጡባት። እኔ ሮጥኩ። ከኋላዬ፣ «አሁን! ዝለል አሁን!» ሲል፣ በዚያ በደከመ ድምፁ፣ ዘለልኩ። ተሻገርኩ። በሩን ከፈትኩላት። ወጣች። መርከቡ ተነሥቶ ያ ሐምራዊ ሰማይ ውስጥ ገባ። ዘወር ስንል እንባው በጆሮው በኩል ይወርዳል። የሚጠርግበት እጅ የለውም። እሷ ጠረገችለት። «ስጫወተው እንዲህ የሚያምር አይመስለኝም ነበር» አለ። እማማ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «አለቀ እንዴ ጦርነቱ?» አሉ።

የሞተው ጠዋት ነው። እኔ ሱቄ ውስጥ የሰው መነጽር እጠርጋለሁ። እሷ እጁን ይዛለች። በዚህም ቀናሁ፣ አልዋሽም። ስትደውልልኝ ከአፌ የወጣው፣ «ለምን አልጠራሽኝም?» ነው።

«እሱ ነው አትጥሪው ያለኝ» አለች። «'ሲያለቅስ ማየት አልችልም፣ ይቅር' አለኝ።» ወዲያው ደግሞ፣ «እኔ ሳለቅስ ግን ማየት ይችላል ማለት ነው» አለች።

በእሱ ሞት ሰዓት በእኔ ቀናች።

እህቴ፣ ያኔ መልስ አልሰጠሁሽም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ልስጥሽ። ሰው ለወዳጁ ይጠነቀቃል፣ ፊቱን ያሳምርለታል፣ ክፉውን ይደብቅለታል። እንባውን፣ ጭንቀቱን፣ መጨረሻውን ግን ከማን ጋር ያየዋል? ከራሱ ጋር። አንቺን ከራሱ አልለየሽም። ለእኔ ራራልኝ፤ አንቺን ፈለገሽ። ይህን ቃል ከአፌ ለማውጣት ምን ያህል እንዳቃጠለኝ እሱ ቢሰማ ይስቅ ነበር። ነይ፣ አጠገቤ ቁሚ። እዚያ ብቻሽን አትቁሚ።

ወንድሜ፣ ሻለቃ፤ እነሆ ሁሉም መጥቷል። እናትህ አሉ። የጠገንከውን ሊፍት የሚሳፈሩ ሰዎች ሳይቀሩ አሉ። አንተ የምትሄድበትን ቦታ አላውቀውም። ግን አንተን አውቅሃለሁ፤ ብቻህን መቀመጥ አትችልም። ገና ሳትደርስ አንዱን ጠርተህ፣ «ና፣ እዚህ ጋ ቁጭ በል» ማለትህ አይቀርም። እሱም ይቀመጣል። ሳቅህንም ይሰማል።

ማን እንደሆነ አላውቀውም። ከአሁኑ ቀንቼበታለሁ።

ደህና ሁን።